በበጋ ለተወለደ ሕፃን ውሃ መስጠትን በተመለከተ፦ እርማት

«በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ለተወለደ ሕፃን የጡት ወተት ጥሙን ስለማይቆርጥለት ውሃ መቅመስ አለበት፤ ለክረምት ልጅ ግን ጡት ብቻ ይበቃዋል» የሚለው ምክር ከቅን ልብ የመነጨ መሆኑን ባልጠራጠርም ትክክል አይደለም። የእናት ጡት ወተት አብዛኛው ክፍሉ፣ ከ80 በመቶ በላይ፣ ውሃ ነው። ስለዚህም የዓለም ጤና ድርጅት፣ እንደ አፋርና ጋምቤላ ባሉ ሞቃታማ ቆላዎች ለሚወለዱ ሕፃናት ጭምር፣ እስከ 6 ወር ድረስ ያለ ውሃ ጡት ብቻ እንዲሰጥ ይመክራል። ሙቀቱ ሲበረታ ሕፃኑን ቶሎ ቶሎ ማጥባት ይገባል፤ ውሃ አብዝታ መጠጣት ያለባት እናቲቱ ናት።

እጅግ የሚያሳስበኝ የስሕተቱ ውጤት ነው። የሕፃን ሆድ ትንሽ በመሆኑ ጥቂት ውሃ እንኳ ይሞላዋል፤ በውሃ የጠገበ ሕፃን ጡት መሳቡን ይቀንሳል፤ ጡትም ባልተጠባ ቁጥር የሚያመነጨው ወተት እያነሰ ይሄዳል። ውሃው ንጹሕ ካልሆነ ደግሞ ተቅማጥ ይከተላል። በጤና ባለሙያ የታዘዘ መድኃኒትና ኦአርኤስ (በተቅማጥ የወጣን ፈሳሽ የሚተካ፣ በውሃ የሚበጠበጥ ንጥረ ነገር) ግን ከዚህ ክልከላ ውጭ ናቸው።

ማረጋገጫው በእናቲቱ እጅ ነው፦ ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ ሕፃኑ በ24 ሰዓት ውስጥ 6 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ፈዘዝ ያለ ሽንት ከሸና በቂ ፈሳሽ እያገኘ ነው፤ ሽንቱ ካነሰ ወይም ከጠቆረ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ያስፈልጋል።