ተከላካዩን ቶሎ ልቀቁት

ውጭ ስለተጫወቱ ኢትዮጵያውያን ኳስ ተጫዋቾች ወሬ ሲነሳ የምንጠራቸው ስሞች ይታወቃሉ። ሳላዲን ሰዒድ በግብፅና በቤልጂየም፣ ሽመልስ በቀለ በግብፅ ለዓመታት፣ ጌታነህ ከበደ በደቡብ አፍሪካ። ፍቅሩ ተፈራ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 የህንድን ሱፐር ሊግ የመጀመሪያ ጎል ያገባ ሰው ነው። ሁሉም ወይ አጥቂ ወይ አማካይ ናቸው። ከሊጋችን ወጥቶ ውጭ ስሙን የተከለ ተከላካይ ጥቀሱ ቢባል ግን ብዙዎቻችን እናመነታለን።

ተከላካይ ስለሌለን ነው ብዬ አላምንም። ችግሩ ከታች ይጀምራል። ሰፈር ውስጥ ልጆች ቡድን ሲከፋፈሉ «አንተ ኋላ ቁም» የሚባለው ወይ ትንሹ ነው ወይ ኳስ አይችልም የተባለው። አዲስ አበባ ስታዲየም ዙሪያ ያሉትን የስፖርት ልብስ ሱቆችም እዩ። በር ላይ የሚሰቀሉት ማልያዎች ጀርባ ላይ የሚነበበው ሳካ ነው፣ ሳላህ ነው፣ ሮናልዶ ነው፤ ሁሉም አጥቂዎች። ልጁ ማልያውን ሲመርጥ የሚጫወትበትን ቦታም አብሮ ይመርጣል።

ካደገ በኋላ ደግሞ የምናስታውስለት ስህተቱን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2022 በካሜሩኑ አፍሪካ ዋንጫ ያሬድ ባየህ ከኬፕ ቨርዴ ጋር ገና በጨዋታው መጀመሪያ በቪዲዮ ዳኝነት (ቪኤአር) ቀይ ካርድ ተሰጠው። በ10 ሰው ተጫውተን 1 ለ 0 ተሸነፍን። ከዚያ ወዲህ ሜክሲኮም ሆነ ፒያሳ ካፌ ቁጭ ብለን የያሬድ ስም ሲነሳ ያቺ ካርድ አብራ ትነሳለች። ብሔራዊ ቡድኑን ከስምንት ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ከመለሱት ተጫዋቾች አንዱ መሆኑን የሚያነሳ ግን ብዙ አይሰማም። ይሄ ያሳዝነኛል።

ይህን ሳስብ ቴዎድሮስ ገብረሥላሴ ትዝ ይለኛል። አባቱ ከኢትዮጵያ ሄደው ሕክምና የተማሩ ሐኪም ናቸው። እሱ ቼክ ተወልዶ አደገ፤ ለቼክ ብሔራዊ ቡድንም የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ሆነ። የቀኝ መስመር ተከላካይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ከስሎቫን ሊቤሬች ጋር የአገሪቱን ሊግ ዋንጫ አነሳ። ወዲያው በአውሮፓ ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ ከፖርቱጋል ጋር ተጋጠሙ። በእሱ በኩል የሚመጣው ክርስቲያኖ ሮናልዶ ነበር። ቼኮች ከሰባ ደቂቃ በላይ ጎል ሳይቆጠርባቸው ቆዩ። በ79ኛው ደቂቃ ከመስመር የተሻገረችውን ኳስ ሮናልዶ ከቴዎድሮስ ፊት ቀድሞ በግንባሩ ገጫት። ቼክ 1 ለ 0 ተሸንፎ ወጣ።

እኛ ጋ ቢሆን ይህቺ ኳስ ዕድሜ ልኩን ትከተለው ነበር። የጀርመኑ ቨርደር ብሬመን ግን በዚያው ክረምት አስፈረመው። እዚያም እስከ 2021 ዘጠኝ የውድድር ዘመን ቆየ። ጀርመኖቹ የገዙት የአንዲትን ኳስ ታሪክ አልነበረም፤ ዓመቱን ሙሉ የተጫወተውን ጨዋታ አይተው ነው።

ቴዎድሮስ የሊጋችን ልጅ አይደለም ትሉ ይሆናል። ልክ ነው። ለብሔራዊ ቡድናችን የተጫወተው የመሃል ተከላካዩ ዋሊድ አታም ሪያድ ተወልዶ ስዊድን ነው ያደገው፤ በክለብ ደረጃ ስዊድን፣ ክሮኤሺያና ቱርክ ተጫውቷል። እኔ ከሁለቱ የማየው መንገዱን ነው። ሁለቱም ከትልቅ ሊግ አልጀመሩም። ስዊድንና ቼክ የመሳሰሉ መካከለኛ ሊጎች ውስጥ በየሳምንቱ እየተሰለፉ ነው ያደጉት።

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። አጥቂ ብቻውን ቀርቶ ሲመታ ቢውል ይሻሻላል። ተከላካይን የሚያስተምረው ግን ተጋጣሚው ነው። ፈጣን አጥቂ ገጥሞት የማያውቅ ሰው ከጀርባው ስንት ሜትር ክፍት መተው እንዳለበት በምን ያውቃል? ኳስ ከመስመር ስትሻገር ኳሷን ብቻ አይቶ ሰውየውን የረሳ ተከላካይ፣ ሊጋችን ውስጥ አጥቂው ስለሚስት ይተርፋል። ተርፎም ያደረገው ልክ ይመስለዋል። እንዲህ እያለ አምስት ዓመት ይሄዳል።

እ.ኤ.አ. የ2013ቱን የናይጄሪያ ጨዋታ አስታውሱ። ወደ ዓለም ዋንጫ ለመግባት ሁለት ጨዋታ ብቻ ቀርቶን ነበር። እዚሁ መሃል ከተማ፣ አዲስ አበባ ስታዲየም፣ በኃይሉ አሰፋ አግብቶ 1 ለ 0 መራን። ከዚያ ኢማኑኤል ኢመኒኬ አቻ አደረገ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ደግሞ በፍጹም ቅጣት ምት ደገመ፤ 2 ለ 1። ያን ቀን ልጆቹ ወኔ አልጎደላቸውም። ኢመኒኬን የመሰለ ጉልበተኛ አጥቂ በዓመት አንዴ ሁለቴ ከሚገጥም ተከላካይ ከዚያ በላይ መጠበቅ ግን ግፍ ነው። እንዲህ ዓይነቱን አጥቂ በየሳምንቱ የሚያገኘው ውጭ ነው። ስለዚህ ከአጥቂው ይልቅ መውጣት የሚያስፈልገው ተከላካዩ ነው እላለሁ።

የሚወጣውም በልጅነቱ ነው። የፊፋ ደንብ ከ18 ዓመት በታች ያለ ተጫዋች ከጥቂት ሁኔታዎች በስተቀር ወደ ሌላ አገር እንዳይዛወር ይከለክላል። እንግዲህ ጊዜው ከ18 እስከ 21 ነው። እኛ ደግሞ የምንለቀው ሃያ ሰባት ሃያ ስምንት ሞልቶት፣ አምበል ሆኖ፣ ጉልበቱ ሊዝል ሲል ነው። በዚያ ዕድሜው ማን ክለብ ሊያስተምረው ይወስደዋል?

ክለቦቻችን ለምን ይለቃሉ? አብዛኞቹ የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት ድርጅት በጀት ነው። ተጫዋች ሸጦ የመኖር ግዴታ የለባቸውም። ነገር ግን ገንዘቡም እኮ አለ። ተጫዋቹ ኋላ በውሉ መሃል ወደ ሌላ ክለብ በክፍያ ሲዛወር ከዝውውሩ ገንዘብ 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሰለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ያን ለመጠየቅ ልጁ የት የት እንደተመዘገበ የሚያሳይ የተሟላ ወረቀት ያስፈልጋል። ታዳጊ ቡድን ይዘው መዝገብ የማይይዙ ክለቦች የገዛ ልፋታቸውን ውሃ እያስበሉት ነው።

አንድ ልማዳችን ደግሞ አለ። ልጁ ሄዶ ስድስት ወር ቤንች ላይ ከተቀመጠ «አልሆነለትም» ብለን ዜና እንሠራበታለን። እዚህ ያለው ክለብም ጠቀም ያለ የፊርማ ገንዘብ አቅርቦ ይመልሰዋል። ልጁን አልወቅሰውም፤ ቤተሰብ አለበት። ነገር ግን ብርድ አገር፣ ቋንቋ በማይሰማበት መልበሻ ክፍል የመጀመሪያው ዓመት ከባድ መሆኑ የታወቀ ነው። ተከላካይ ላይ ደግሞ ይብሳል፤ ሥራው ከጎኑ ካለው ጋር መነጋገር ነዋ። ሁለት ሙሉ የውድድር ዘመን ሳይሰጡት አልቻለም ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ፕሪሚየር ሊጉ እ.ኤ.አ. በ2020 በሱፐርስፖርት ቴሌቪዥን መተላለፍ ስለጀመረ የጨዋታ ቪዲዮ የለም የሚለው ሰበብ አይሠራም። የሚቀረው ውሉ ነው። ክለቦች በዚህ ክረምት ዕድሜው ከ21 በታች የሆነ ተከላካይ ሲያስፈርሙ፣ የውጭ ክለብ ጥያቄ ቢመጣ ልጁ በስንት ብር እንደሚለቀቅ ቁጥሩን ውሉ ላይ ይጻፉ። ወላጅም፣ ወኪልም ይህ መስመር ሳይገባ ልጁን አያስፈርሙ።