6 ሰው ይላል ማለት ከ6 ሰው እቃ ጋር ማለት አይደለም

«ባለ 16 ጫማዋም ባለ 18ቷም የአልሙኒየም ጀልባ የጭነት አቅም ታርጋቸው ላይ 6 ሰው ነው የሚለው፣ ልዩነት የላቸውም ርካሿን ግዛ» የሚል ነገር ሲደጋገም አየሁ፣ ይቅርታ ግን ልክ አይደለም።

አሜሪካ ውስጥ ከ20 ጫማ በታች የሆኑ ሞተር ጀልባዎች ላይ የምትለጠፈዋን ታርጋ እስከታች አንብቧት። ከሰው ቁጥሩ ሌላ ሰው፣ ሞተርና እቃ ተደምሮ ስንት ፓውንድ እንደምትችል ተጽፏል፣ ዋናው እሱ ነው። ከኋላ የሚሰቀለው ሞተር፣ ባትሪው፣ መልህቁ፣ በረዶ የሞላው ኩለር (የኛ ሰው ደግሞ ምግብ ሲይዝ ታውቃላችሁ) ሁሉም ከዛ ላይ ይቀነሳል፣ ስለዚህ የሁለቱን ፓውንድ አወዳድሩና የራሳችሁን ደምሩ። ካለፈ ጀልባዋ ኋላዋ ዝቅ ብሎ ማዕበል ከኋላ ይገባል። ዲፕ ቪ (ሆዷ እንደ V ፊደል ወደ ታች የሾለ) ናት ችግር የለም ለምትሉም፣ ቪው ማዕበል ይሰነጥቃል እንጂ ክብደት አይቀንስም፣ ታርጋዋ ላይ ያለው ቁጥርም ለጥሩ አየር ነው።