ቢላዋው ትንሽ ይቆየን

ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ ቀዶ ሕክምና የቆየ የተረከዝ ጅማት ሕመምን ወዲያው እንደሚገላግል አድርጎ ማቅረቡ አልተዋጠልኝም። ኃይሌ ገብረሥላሴ እንኳ ከሲድኒ ኦሎምፒክ (እ.ኤ.አ. 2000) በኋላ ጅማቱን ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት በቀጣዩ ዓመት በኤድመንተኑ የዓለም ሻምፒዮና ያገኘው ወርቅ ሳይሆን ነሐስ ነው። በዚህ ቀዶ ሕክምና ሐኪሙ የተበላሸውን የጅማት ክፍል ቆርጦ ያወጣል፤ የተረከዝ አጥንት ጉብታ ካለም ይጠርበዋል። ብልሽቱ ከግማሽ በላይ ከሆነ ደግሞ የእግር አውራ ጣትን የሚያጥፈውን ጅማት አዛውሮ ያግዝበታል። ከዚያ በኋላ ለወራት ማነከስ ነው። ለመሆኑ ደረጃ ጠርዝ ላይ ቆሞ ተረከዝን ቀስ እያሉ የማውረዱን ልምምድ ጽሑፉ ለምን ዘለለው? ጠዋትና ማታ ለ12 ሳምንታት ይሠራል፤ አሰልቺ ነው፣ ያማልም፤ ግን ብዙዎችን ከቀዶ ሕክምና ያድናል። ሕመሙ ጅማቱ ከአጥንቱ ጋር በሚጣበቅበት ቦታ የሆነበት ሰው ግን ተረከዙን ከደረጃው በታች ባያወርድ ይሻለዋል።