«ዘወትር ቅዳሜ ላይቭ ባንድ»፦ የማን ባንድ?

ባሕር ዳር ውስጥ በየሆቴሉና በየመዝናኛ ቤቱ በር የሚሰቀለውን ባነር አንብቡት። «ዘወትር ቅዳሜ ምሽት ላይቭ ባንድ» ይላል። የቤቱ ስም በትልቁ ተጽፏል፣ የቢራው ስምም አለ። የባንዱ ስም ግን የለም። የከተማችን ወጣት ባንዶች ስለ ክፍያ ማነስ ሲያማርሩ እሰማለሁ፤ እውነታቸውን ነው። ግን ስሙ የማይታወቅ ባንድ በምን አፉ ይደራደራል? ዋጋ ጨምሩ ባለ ማግስት ሌላ ባንድ ይጠራል። እሱም ካልተገኘ አንድ ዲጄ ይበቃል።

አዝማሪዎቻችን ይህን ጉዳይ ድሮ ጨርሰውታል። አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ እንግዳው ፊት ይቆማል፤ ስሙን ይጠይቃል፣ አገሩን ይጠይቃል፣ ወዲያው ግጥም ይደረድርለታል። ሽልማቱም ከአድማጩ እጅ በቀጥታ ግንባሩ ላይ ይለጠፋል። ባንዶቻችን ድራምና ቤዝ ጊታር ሲይዙ ይህን ቅርርብ ጣሉት፤ ዓይናቸው ከአድማጩ ወደ ሆቴሉ ካሸር ዞረ። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌብር አለ። የባንዱን ስምና ቁጥር በትልቁ ጽፎ መድረኩ አጠገብ ማቆም ምን ይከብዳል? «ልመና ይመስላል» የሚሉ አሉ። ሽልማት ከመቼ ወዲህ ነው ልመና የሆነው?

ሰርግ ያበላል፤ ተዉት አልልም። ግን በጥርና ከፋሲካ በኋላ ይጎርፋል፣ በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ደግሞ ድርቅ ነው። የሚጠየቀውም የታዋቂ ሰው ዘፈን ስለሆነ ሰርገኛው ሲበተን ባንዱን የሚያስታውስ የለም። ስለዚህ ቀብድ ተቀበሉ፤ ሰዓቱንና የሳውንድ ሲስተሙን ወጪ ማን እንደሚሸፍን በወረቀት ተስማሙ፤ መሐል ላይ የራሳችሁን አንድ ሁለት ዘፈን አስገቡና ስማችሁን በማይክ ተናገሩ።

ብዙዎች ራስን ማስተዋወቅ ማለት ዩቲዩብ ላይ ክሊፕ መጫን ይመስላቸዋል። ዩቲዩብ በረጃጅም ቪዲዮዎች ላይ የማስታወቂያ ገቢ ለማካፈል 1,000 ተከታይና በ12 ወር ውስጥ 4,000 የዕይታ ሰዓት ይጠይቃል፤ ለጀማሪ ባንድ ሩቅ ነው። ደግሞ እኛ የምንኖረው እዚህ ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት እንዳልተመለሰ ማናችንም አልረሳነውም። አድማጩን ሁሉ በቴሌግራም ቻናል ያከማቸ ባንድ እንዲህ ባለ ጊዜ ማንን ይጠራል? እኔ ደብተር እመርጣለሁ፦ ስምና ስልክ ቁጥር፣ በአጭር መልእክት የሚጠራ ሰው።

ዘፈኑንም በስማችሁ አድርጉ። በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት የተጠበቀ ነው። ግጥሙ የማን እንደሆነ፣ ዜማው የማን እንደሆነ፣ ገቢው እንዴት እንደሚከፈል ገና ሳትጣሉ ጽፋችሁ ተፈራረሙ።

የሆቴል ባለቤቶችን መልስ አውቀዋለሁ፦ «እንግዳው የሚመጣው ለጣናና ለዓሣው ነው፤ ባንዱን ማን ይጠይቃል?» ይሁን። እንግዲያው ቤቱ ጭር በሚልበት ቀን አንድ ምሽት ስጡን በሏቸው። ረቡዕ ጾም ስለሆነ ሐሙስ ይሻላል። ማምሸት የሚያሰጋው ስለሚበዛ ከቀኑ 10 ሰዓት ጀምሩ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪውም ወደ ግቢው በጊዜ ይመለሳል። መግቢያውን ባንዱ ይሽጥ፣ ምግብና መጠጡን ቤቱ። ባለቤቱ ኪሳራ ከፈራ ከመግቢያው ድርሻ አስቡለት፤ የትኬት ሽያጩንና የአድማጩን ስምና ስልክ የምትመዘግቡበትን ደብተር ግን ለቤቱ ሠራተኛ አታስረክቡ።