ከፋሲካ በኋላ የት ገባን?

ወገኖቼ፣ ዛሬ ቆጣ ብዬ እጽፋለሁ። የራሴ ቤት ሰዎች ስለሆናችሁ ነውና ታገሡኝ።

በስቅለት ዕለት ግቢው ውስጥ እግር ማሳረፊያ አልነበረም። ነጠላችንን መስቀለኛ አጣፍተን ከአጥሩ እስከ ቤተ መቅደሱ በር ድረስ ሰገድን። እኔ ከጥዱ ሥር ነበርኩ። አጠገቤ የማላውቀው ወጣት ይሰግዳል። ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተጣብቋል፤ ግንባሩ አፈር ለብሷል። ወደ ማታ ካህኑ በወይራ ጠብጠብ አድርገው ስግደት ሲያዝዙት እንባው ዱብ ዱብ አለ። «በቃ፣ ከእንግዲህ ተመልሻለሁ» አለኝ፣ ሳልጠይቀው። እኔም በሆዴ ያንኑ ብያለሁ።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ ዳግም ትንሣኤ ሆነ። ቅዳሴው ያው ነው፤ ግቢው ግን ጭር ብሏል። እነዚያው የሁልጊዜዎቹ እናቶች ብቻ ጥግ ጥጋቸውን ይዘዋል። ወጣቱ የለም። አልፈርድበትም። እኔ ራሴ የደረስኩት ወንጌል ከተነበበ በኋላ ነው።

ምን ነካን? 55 ቀን ሙሉ የጾምን ሰዎች ነን እኮ! አዎ፣ በበዓለ ሃምሳ፣ ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት፣ አይጾምም፣ አይሰገድም። ሥርዓቱ ነው፤ ወቅቱ የደስታ ነው። ግን ማን ነው ጸሎት አቁሙ ያለን? ማን ነው ከጠዋቱ የኪዳን ጸሎት ቅሩ፣ ከቅዳሴው ቅሩ ያለን? ቤተ ክርስቲያን ጾሙን ፈታች እንጂ እኛን አላሰናበተችንም። እኛ ግን ከሥጋ ቤት ሥጋ ቤት ስንል ሃምሳው ቀን ያልቃል። ከሃምሳኛው ቀን በዓል፣ ከጰራቅሊጦስ ማግሥት ጾመ ሐዋርያት ሲገባ ደግሞ «እሱ የቄሶች ጾም ነው» ብለን እንገላገላለን። ከሰባቱ አጽዋማት አንዱ መሆኑ ጠፍቶን አይደለም።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። አንድ ቀን እንሰክራለን፣ ወይም ዝሙት ላይ እንወድቃለን። ሲነጋ «በምን ፊቴ ቤተ ክርስቲያን እገባለሁ?» እንላለን። አንዱ እሁድ ያልፋል። ከዚያ ወር ይሆናል። የንስሐ አባታችን ሲደውሉ ስልኩን አናነሳም።

ይህን ከራሴ ነው የማውቀው። ሁለት ዓመት ሙሉ የንስሐ አባቴን ከሩቅ ሳይ መንገድ እቀይር ነበር። ኋላ አንድ ለቅሶ ቤት በር ላይ ፊት ለፊት ተገጣጠምን። ጉልበቴ ከዳኝ። መስቀላቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አሳለሙኝና «ልጄ፣ ቤተሰብ ደህና ነው?» አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም። ሁለት ዓመት የሸሸሁት ይህን ነበር።

ይህ ወቅት የጴጥሮስም ወቅት ነው። «ዓሣ ላጠምድ እሄዳለሁ» ብሎ ወደ ቀድሞ ሥራው የሄደው ጌታ ከተነሣ በኋላ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ለፍቶ አንድም አልያዘም። ሲነጋ ጌታ ባሕሩ ዳር ቆሟል። ጴጥሮስ ጌታ መሆኑን ሲሰማ ጀልባው ዳር እስኪደርስ አልጠበቀም፤ ልብሱን ታጥቆ ባሕሩ ውስጥ ዘለለ። ዳር ላይ ፍም ተቀጣጥሎ፣ ዓሣና እንጀራ ተዘጋጅቶ ጠበቀው። ልብ በሉ፣ ጴጥሮስ የካደው እሳት እየሞቀ ነበር። ጌታ አሁንም እሳት ዳር አስቀመጠው፤ አበላው። ከዚያ ሦስት ጊዜ «ትወደኛለህን?» አለው። ስለካደባት ሌሊት አንድም ጥያቄ አልጠየቀውም።

«እስከ መጨረሻ የሚጸና ግን እርሱ ይድናል» የሚለውን በደብረ ዘይት ሰንበት፣ በጾሙ እኩሌታ፣ ቆመን ሰምተነዋል። እስከ ፋሲካ የሚጸና አይልም።

እባካችሁ ትልቅ ነገር አትጀምሩ። ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት አንድ አቡነ ዘበሰማያት በሉ፣ ቀስ ብላችሁ። ነገ ለንስሐ አባታችሁ ደውሉ። ምን እንደምትሉ ከጠፋችሁ «አባ፣ ጠፍቼ ነበር» በሉ። ይበቃል።

አንተም ስቅለት ዕለት አጠገቤ የሰገድከው ወንድሜ፣ ይህን ካነበብክ፣ ከጥዱ ሥር ያለችው ቦታችን ባዶ ናት። እሁድ እዚያው እጠብቅሃለሁ። በዚህኛው ከወንጌሉ በፊት እደርሳለሁ።