ቲዩብ ብቻ ነው እንዴ የሚበላሸው?

የጊታር ቲዩብ አምፑ (ድምፁን በቫኪዩም ቲዩቦች የሚያጎላው) ትንሽ ባጉረመረመ ቁጥር «ቲዩቦቹን በሙሉ ቀይር» የሚል ምክር ሰለቸን። ኧረ መጀመሪያ ጊታሩን ንቀሉት! ጫጫታው ከጠፋ ኬብሉን ወይም ጊታሩን እዩ። ካልጠፋ ቮልዩሙን ዜሮ አድርጉት። አሁንም «እምምም» ካለ ምንጩ ከቮልዩሙ በኋላ ወይም ፓወር ሰፕላዩ ላይ ነው፤ ታዲያ የመግቢያውን ቲዩብ መቀየር ምን ይፈይዳል? በ50 ኸርዝ መብራት ላይ 100 ኸርዝ የሆነ ጉርምርምታ ብዙ ጊዜ ያረጁ የፊልተር ካፓሲተሮች (የፓወር ሰፕላዩን ቮልቴጅ የሚያለሰልሱት) ጣጣ ነው።

ማይክሮፎኒክ የሆነ፣ ማለትም ንዝረትን እንደ ማይክሮፎን ወደ ድምፅ የሚቀይር ቲዩብማ በእርሳስ ቀስ ብለው መታ ሲያደርጉት በስፒከሩ ራሱን ያጋልጣል፤ እሱኑ ብቻ መቀየር ነው። ቮልዩም ሲዞር የሚንጫጫም ሁሉ አቧራ አይደለም። ከፊቱ ያለው ካፓሲተር ዲሲ (ቀጥተኛ የኤሌክትሪክ ፍሰት) እያሳለፈ ከሆነ የፈለጋችሁትን ያህል የማጽጃ ስፕሬይ ብትነፉበት አይድንም። ድምፁ ብቅ ጥልቅ ካለ በኤፌክት ሉፑ (የኤፌክት ፔዳሎች በሚሰኩበት መስመር) ሴንድና ሪተርን ጃኮች መካከል አጭር ኬብል ሰክታችሁ ሞክሩ፤ ከተስተካከለ ጥፋተኛው የቆሸሸ ጃክ ነው።

ከሁሉ የሚያናድደው ግን «ከሶኬት ንቀለውና ክፈተው» ብሎ ዝም ማለት! ካፓሲተሮቹ ከተነቀለ በኋላም ከ400 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። የያዙትን ቻርጅ በሬዚስተር ሳታፈስሱና በሜትር ሳትለኩ እጃችሁን አታስገቡ።