ፕሬዚዳንቱን ማን «አይሆንም» ሊለው ይችላል?

የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሥራው ምንድን ነው ሲባል ጎበዝ ተማሪ መልሱን አያጣውም። ርእሰ ብሔር፣ የሥራ አስፈጻሚው የበላይ፣ የጦሩ ጠቅላይ አዛዥ፣ ዋና ዲፕሎማት፣ የፓርቲው መሪ። ዝርዝሩ ትክክል ነው። ግን ይህን ብቻ ሸምድዶ የወጣ ልጅ፣ ፕሬዚዳንት ማለት ያሰኘውን ሁሉ ማድረግ የሚችል ሰው ይመስለዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ነገ ድምፅ የሚሰጠው ይኸው ልጅ ነዋ።

ስለዚህ አንድ ሚና በተነሳ ቁጥር አንድ ጥያቄ አብሮ ይነሳ። በዚህ ሥራው ላይ ማን «አይሆንም» ሊለው ይችላል?

ለዚህ ከፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ጊዜው እ.ኤ.አ. 1951 ነው፤ የኮሪያ ጦርነት ተፋፍሟል። ጄኔራል ዳግላስ ማክአርተር የፕሬዚዳንቱን የጦርነት ፖሊሲ በአደባባይ ተቃወሙ። ትሩማን ከአዛዥነታቸው አነሷቸው። ጄኔራሉ በሕዝቡ ዘንድ እጅግ የተወደዱ ነበሩና ውግዘቱ ከባድ ነበር። ትእዛዙ ግን ጸና።

በቀጣዩ ዓመት፣ ጦርነቱ ሳያልቅ፣ የብረት ፋብሪካ ሠራተኞች አድማ ሊመቱ ተዘጋጁ። ትሩማን ብረት ከተቋረጠ ጦሩ ይጎዳል ብለው መንግሥት ፋብሪካዎቹን እንዲረከብ አዘዙ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ 6 ለ 3 በሆነ ድምፅ ፈረደባቸው። ዳኛ ሮበርት ጃክሰን በጻፉት ሐሳብ፣ ሕገ መንግሥቱ ፕሬዚዳንቱን የጦሩ አዛዥ አደረገ እንጂ የአገሩና የፋብሪካዎቹ አዛዥ አላደረገም ብለው ተከራከሩ። ትሩማንም ፋብሪካዎቹን መለሱ።

ያው ሰው፣ ያው ጦርነት። አንዱ ትእዛዝ ጸና፣ ሌላው ወደቀ። ተማሪዎች በዚህ ላይ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ቢከራከሩ አይበዛበትም። ጠቅላይ አዛዥ ማለት ምን እንደሆነ ከየትኛውም ትርጓሜ በላይ ይገባቸዋል።

ዲፕሎማትነቱም ልክ አለው። ፕሬዚዳንት ውድሮው ዊልሰን ፓሪስ ድረስ ሄደው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመጣውን የቬርሳይን የሰላም ስምምነት ተደራደሩ፣ ፈረሙም። የሕግ አውጪው አካል የኮንግረሱ አንዱ ምክር ቤት የሆነው ሴኔቱ ግን ሁለት ጊዜ፣ በ1919 እና በ1920፣ ሳያጸድቀው ቀረ። ስምምነት እንዲጸድቅ የሴኔቱ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል።

ማንም የማይከለክለው ሥራም አለ። ጥር 1986 ቻሌንጀር የተባለችው መንኮራኩር ፈንድታ ሰባት ሰዎች ሞቱ። ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን በዚያው ምሽት ለኮንግረሱ ሊያደርጉ የነበረውን ዓመታዊ ንግግር አስተላልፈው ሐዘንተኛውን ሕዝብ አነጋገሩ። ሕግ አላወጡም፣ ጦር አላዘዙም። ርእሰ ብሔር የሚባለው ሚና በዝርዝር ላይ ሲነበብ ባዶ ክብር ይመስላል፤ እንዲህ ባለ ቀን ግን ክብደቱ ይታያል።

ሌላ አገርም መታየት አለበት። ልጆች ፕሬዚዳንት ሁሉ አንድ ዓይነት ይመስላቸዋል። በጀርመን መንግሥትን የሚመራው ቻንስለሩ ነው፤ የፕሬዚዳንቱ ሥራ በአብዛኛው ሥነ ሥርዓታዊ ነው። እንዲያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2006 ፕሬዚዳንት ሆርስት ኮለር የአየር ትራፊክ ቁጥጥርን ወደ ግል የሚያዛውረውን ሕግ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብለው አልፈርምም አሉ። እዚህ ላይ «አይሆንም» ባዩ ራሱ ፕሬዚዳንቱ ነው።

ለፈተናም ቢሆን የፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድን ውሳኔ እመርጣለሁ። መስከረም 1974 ፎርድ፣ በዋተርጌት ቅሌት ሥልጣን ለለቀቁት ለቀድሞው ፕሬዚዳንት ለሪቻርድ ኒክሰን ገና ክስ ሳይመሠረትባቸው ይቅርታ አደረጉላቸው። ይህን ሥልጣን ሕገ መንግሥቱ ሰጥቷቸዋል፤ ኮንግረሱ ሊሽረው አይችልም። ፎርድ ውሳኔው አገሪቱን ያረጋጋል አሉ፤ ብዙዎች ግን ፍትሕ ተጓደለ ብለው ተቆጡ። ፎርድ በ1976 ምርጫ ተሸነፉ። ተማሪው የፎርድን ሚና ይሰይም፣ ከዚያ ማን ሊጠይቃቸው ይችል እንደነበር ይጻፍ። መልሱ ከተማሪ ተማሪ ቢለያይ አስተማሪው አይደንግጥ፤ ማስረጃውን አይቶ ነጥብ ይስጥ።